የሐይቅ ከተማ መንገድ ታሪኩ ይታይ



ይህች አጭር አሳብ በአንባብያን ደብዳቤ ዓምድ እንድትወጣልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐይቅ የሚደርስ መንገደኛ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ያስተማሩበትን የእስጢፋኖስን ገዳምና የተጠበሰ ዓሣ። አልፎ ወደ አምባሰል ለሚዘልቀውም ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አለለት። ከተማይቱን ሰንጥቆ የሚያልፈው መንገድ ያየውን ነገር የሚያሳይ አንድ ክፍል ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።

ኢጣልያኖች በወረራቸው ዘመን የሠሩት የአስመራ መንገድ ለሐይቅ ዋና ጎዳናዋ ነው። ልጅ ሳለሁ ኤንትሬ የምንለው የጭነት መኪና ድምፁ ከሩቅ ሲሰማ እናቴ እንጀራዋን ይዛ ወደ ዳር ትወጣ ነበር። የኖርነው በዚያ ነው።

በ1965 ዓ.ም. ግን በመንገዱ ዳር የተቀመጡት ሻጮች አልነበሩም። ዝናብ የከዳው የወሎ ገበሬ ከብቱን ሽጦ ከጨረሰ በኋላ መኪና ወደሚያልፍበት ወረደ። እናቴ ለማን ሰጥታ ማንን ትከልክል? በዚያው ወራት ከወሎ በደሴ በኩል ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይጫን እንደ ነበር የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን በኋላ ጽፈዋል። በደሴ ገበያም ዋጋው እጅግ አልናረም፤ ገበሬው መግዣ ገንዘብ አልነበረውምና። እንግዲህ የአስመራው ጭነት ያለፈው በተራቡት ፊት፣ በእኛ ደጃፍ ነው።

በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከወሎ ያመጡትን ፎቶግራፍ በአዲስ አበባ በግቢያቸው አሳይተዋል። ስለዚህ ኤግዚቢሽን ማለት ለዚህ ጉዳይ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የቀረው ወደ መንገዱ ራሱ ማምጣት ነው።

ማዘጋጃ ቤቱ አንድ ክፍል ቢፈቅድ ይበቃል። የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ በደረሰኝ ተቀብሎ በደረሰኝ መመለስ፣ ቁናና ሚዛን መሰብሰብ፣ ያዩትን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ሳያልፉ ቃላቸውን መቅዳት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ጌጥ ብቻ ከሆነ ግን፣ የድሮ መኪናና የድሮ ሻይ ቤት ብቻ ከተሰቀለበት፣ ባይከፈት ይሻላል።

የመንግሥት ሠራተኞች የሆናችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼም አደራ፣ አሮጌ መዝገብ አታስጥሉ። የአንድ መሥሪያ ቤት (ስሙን አልጠራም) ወረቀት ለባለ ሱቅ ተሸጦ በርበሬ ሲጠቀለልበት በዓይኔ አይቻለሁ። ለእኔ የደረሰችኝ ቅጠል የ1965 ዓ.ም. የእህል ጭነት ወረቀት ነበረች። የመኪናው ሰሌዳ ቁጥርና የኩንታሉ ብዛት ይነበባል፤ የሚራገፍበትን አገር ስም በርበሬው አጥፍቶታል። ክፍሉ የተከፈተ ዕለት ይህችን ወረቀት ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋራ

አንድ የሐይቅ ተወላጅ ጡረተኛ
ከደሴ