ካርታና ሽማግሌ

በኢጣልያ ወረራ ዘመን በታተሙት ካርታዎች ላይ ነቀምቴን የሚፈልግ ሰው «ሌኬምቲ»ን፥ ደምቢ ዶሎን የሚፈልግ «ሳዮ»ን ማየት አለበት። ሳዮ ዛሬም የወረዳ ስም ነውና የድሮው ስም ፍንጭ እንጂ ስሕተት አይደለም።

ነገር ግን ካርታ የሚያገለግለው የሠሪውን ዓላማ ነው። ወራሪው የሣለው ለመንገዱና ለምሽጉ ነበር። የጥቁር አንበሳ አርበኞች በሰኔ 1928 ዓ.ም. የኢጣልያን አውሮፕላኖች ያቃጠሉበትን የቦናያን ሜዳ በክብር አያሳየንም። ይህን ከአባቶቻቸው የሰሙ ሽማግሌዎችም በየዓመቱ እያለፉ ነው።

ስለዚህ እኛ የወለጋ ተማሪዎች ለክረምት ዕረፍት ስንገባ የካርታውን ቅጂ በፊታቸው እንዘርጋ። የድሮውን ገበያ፥ ኦዳውን፥ የጦር ሜዳውን በጣታቸው ያመልክቱን፤ እኛም እንጻፍበት። የተማረ ሰው አገሩን ከባዕድ ካርታ ብቻ ማወቁ አያኮራውም እንላለን።