ጥፋተኛው መብራቱ ጋ የለም

በሀራሙስ ማታ መብራት ሲበራ ትናንሽ የእሳት እራቶች ይሰበሰባሉ። እኛም «ልብሳችንን የሚበላው ብል ይህ ነው» ብለን በነጠላ ጫማ እንፈጃቸዋለን። ፍርዱ ግን ትክክል አይደለም።

የልብስ ብል ብርሃን ይሸሻል። ሊኒየስ በ1758 እ.ኤ.አ. የመዘገባት ቲኒያ ፔሊዮኔላ ክንፏን ዘርግታ እንኳ 1.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ናት፤ ክንፍ ካወጣች በኋላም ልብስ አትበላም። የሚበላው እጯ ነው። ራሱ ከሐርና ከጭረት የሠራትን ከረጢት ለብሶ እየጎተተ ሱፍ፣ ጠጉርና ላባ ይመገባል። ከረጢቷም የበላውን ልብስ ቀለም ትይዛለች። ከቤት ውጭ በወፍ ጎጆ ይኖራል፤ ብዙ እንስሳት መፍጨት የማይችሉትን ላባ ያጸዳል።

ስለዚህ ንጹሕ የጥጥ ጋቢ አያሰጋውም፤ የሚያሰጋው ከመንዝ የመጣው የበግ ጠጉር ባና ነው፤ ይልቁንም ላብ ወይም ወጥ ከነካው።

ባናውን ለማዳን ብለን ናፍታሊን በየቁም ሣጥኑ መበተናችንን ግን እንቃወማለን። ናፍታሊን ሳይቀልጥ ወደ ጋዝ ይለወጣል፤ ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ይፈጥናል። የጅቡቲን ሐምሌ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሕፃን ከረሜላ መስሎት ቢውጠው ቀይ የደም ሴሎቹ ሊፈርሱ ይችላሉ። የአውሮፓ ኅብረት ለብል መከላከያ እንዳይሸጥ በ2008 እ.ኤ.አ. አግዷል።

ባናውን አጥበን፣ ፀሐይ አስመትተን፣ በደንብ አራግፈንና ቦርሸን፣ አየር በማያስገባ ከረጢት እናስቀምጠው። ፀሐይ እንደሆነ እዚህ በነፃ ነው። መብራቱ ጋ ያሉትንም እንተዋቸው።