ፉት ማለትና ጭልጥ ማድረግ

የዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን የሚናገረው በየቀኑ በማዕድ ዙሪያ ከአፋችን ስለሚወጡ፥ ነገር ግን ልብ ስለማንላቸው ትንንሽ ቃሎች ነው። «በላ፥ ጠጣ» ብቻ ቢባል ሰውየው መብላቱና መጠጣቱ ይታወቃል እንጂ፥ እንዴት እንደ በላና እንዴት እንደ ጠጣ አይታወቅም። አማርኛችን ግን ለዚህ የሚሆን የሞላ ጓዳ አለው።

መጀመሪያ ከመጠጡ እንነሣ። በጎንደር ከተማ ቡና ተፈልቶ በስኒ ሲቀርብ፥ ትኩስ ነውና ፉት ይሉታል እንጂ አይጨልጡትም። ፉት የሚለውን ቃል ስንናገር ከንፈራችን ይሰበሰባል፥ ትንፋሽም ይወጣል፤ ስለዚህ ቃሉ ራሱ የጠጪውን አፍ ይመስላል። ጠላ በዋንጫ ሲቀርብ ግን ባለቤቲቱ እንግዳዋን «ጎንጨት ይበሉ እንጂ» ትላለች፤ ይህ ቃል ከጉንጭ ጋራ የተዛመደ ነውና ጉንጭን ሞላ የሚያደርገውን መጠን ያመለክታል። በአንድ ትንፋሽ የጠጣ ሰው ግጥም አደረገው፥ ከዋንጫው ጠብታ ያላስቀረ ደግሞ ጭልጥ አደረገው ይባላል። እንግዲህ እነዚህ አራት ቃሎች ያለ ብርጭቆና ያለ ሚዛን የሚሰፍሩ መስፈሪያዎች ናቸው።

ወደ ምግቡ ብንመለስም እንዲሁ ነው። ከጎንደር ተነሥቶ በወገራ በኩል ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ የሚወጣ መንገደኛ፥ ደጋውን የገብስ አገር ሆኖ ያገኘዋል። ገብሱ በምጣድ ሲቆላ ይንጣጣል፤ ቆሎ ከሆነ በኋላም ተዘግኖ ይቃማል፥ በጥርስም ይቆረጠማል። ዳቦ ግን ይገመጣል፤ እንጀራ ይጎረሳል፤ አጥንት ይጋጣል፤ ስኳር ይቀረጠፋል። ቆረጠመና ቀረጠፈ የሚሉትን ሁለቱን ግሦች ቀስ ብሎ የሚያዳምጥ ሰው፥ የጥርሱን ሥራ በጆሮው ይሰማዋል። የቸኮለ ሰው ጉርሻውን ሳያላምጥ ዋጥ ስልቅጥ ያደርገዋል፤ ከትሪው ያላስተረፈውም ሙልጭ አድርጎ በላ ይባላል። ወጥ ቤቱም የራሱ ቋንቋ አለው፤ ወጡ ይንተከተካል፥ ጥብሱ ቸስ ይላል፥ ጠላው ይንቆረቆራል።

ከእነዚህ ቃሎች አንዳንዶቹ ድምፅን ይከተላሉ፤ እንደ ጭልጥና እንደ ሙልጭ ያሉት ግን የጆሮ ሳይሆኑ የዐይን ቃሎች ናቸው፥ የባዶውን ዋንጫና የባዶውን ትሪ መልክ ያሳያሉና። ፉትም ጭልጥም ብቻቸውን አይረቡም፤ «አለ» ወይም «አደረገ» የሚለው ግሥ ይሸከማቸዋል። እንዲህ ያለው ሀብት የእኛ ብቻ አይደለም፤ ጃፓኖችም ውሃ ሲጎነጩ «ጎኩ ጎኩ»፥ ምግብ ሲበሉ «ፓኩ ፓኩ» ይላሉ።

ስለ ድምፁ ስንናገር አንድ የታሪክ ነገር እናስታውስ። እስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1770ና በ1771 ዓመት በጎንደር ተቀምጦ ነበር። በ1790 ዓመት ባሳተመው መጽሐፉም፥ በዚያ ዘመን በግብር ላይ ታላቅ ሰው ታላቅ ጉርሻ እንደሚጎርስ፥ ሲያላምጥም ድምፁን ከፍ ማድረግ እንደ ጨዋነት ይቈጠር እንደ ነበረ፥ ትንሽ ጎርሶ ዝም ብሎ መብላት ግን የለማኝና የሌባ ነው ይባል እንደ ነበረ ጽፏል። ዛሬ ግን ልጆቻችንን አፋችሁን ገጥማችሁ አላምጡ እያልን እናሳድጋለን። የማዕድ ሥርዓት ከዘመን ወደ ዘመን ይለወጣል ማለት ነው።

እነዚህን ቃሎች መጠበቅ ለጨዋታ ያህል ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ የታመመ ሕፃን ያለበትን ቤት ይመልከት። ሕፃኑን ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው፥ የጤና ባለሙያዎች በንጹሕ ውሃ የተበጠበጠ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጥቂት በጥቂቱ ቶሎ ቶሎ እንዲሰጠው ያዝዛሉ፤ ቢያስመልሰውም አሥር ደቂቃ ያህል ታግሦ፥ ከዚያ በኋላ ከፊተኛው ይልቅ በዝግታ መቀጠል ነው። ይህን ረጅም ትእዛዝ አያት በሦስት ቃል ትጨርሰዋለች፤ «ፉት ፉት አድርጊለት» ትላለች። እናቲቱ የፉትንና የጭልጥን ልዩነት ካላወቀች፥ «አጠጪው» የተባለችውን ሰምታ በአንድ ጊዜ አጠጥታው ሁሉን ያስመልሰዋል። ሐኪሙም «ልጁ ጠጥቷልን?» ብሎ ሲጠይቅ፥ «ሁለት ጊዜ ፉት ብሎ ተወው» የምትል እናት፥ «አዎን፥ ጠጥቷል» ከምትለው ይልቅ ብዙ ነገር ትነግረዋለች፤ መጠጣት የተሳነው ሕፃን ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ ይገባዋልና።

ስለ ቆሎውም እንዲሁ ነው። ቃም ማድረግ ጥርሱ ለጠነከረ ሰው ነው። አምስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ቆሎና ለውዝ ማቃም አይገባም፤ ፍሬው ወደ አየር ቧንቧው ገብቶ ትንፋሹን ሊዘጋው ይችላልና። ለእርሱስ ገብሱ በሶ ሆኖ ቢበጠበጥለት ይሻለዋል።

ስለዚህ እናቶችና አባቶች ሆይ፤ ልጆቻችሁ ከማዕድ ሲቀርቡ፥ «ብላ፥ ጠጣ» ብቻ አትበሏቸው። ቡናው ፉት እንደሚባል፥ ዳቦው እንደሚገመጥ፥ ቆሎው እንደሚቆረጠም፥ እያንዳንዱን በስሙ ጥሩላቸው። ልጅ እነዚህን ቃሎች ከማዕዱ ላይ ካልሰማቸው በሌላ ስፍራ አያገኛቸውምና።