አፉ ሳይሞላ አይጋለብ!

ጥር የፈረስ ወር ነው። በ11 ጥምቀት፣ በ23 ደግሞ እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል አለ። በመንዝና በግሼ ደጋም ወሬው ይደራል፤ "ይሄ ውርንጭላ ዘንድሮ ጉድ ያሳያል!" ማስረጃው? ቦራ ነው፣ አምባላይ ነው፣ ዘሩ የእገሌ ነው!

እኔ ግን እላለሁ፤ መጀመሪያ አፉ ይከፈት! ፈረስ የፊት የወተት ጥርሱን መለወጥ የሚጀምረው በ2 ዓመት ተኩል ግድም ነው። ሁለተኛው ጥንድ በ3 ተኩል፣ ሦስተኛው በ4 ተኩል ይከተላል። አፉ የሚሞላው በ5 ዓመቱ ነው፤ የጀርባ አጥንቱም ከዚያ በፊት አይጠናም። ታዲያ የ3 ዓመት ውርንጭላ ላይ ጎልማሳ ጭኖ በድንጋያማ ሜዳ ማስጋለብ ፈረስ መፈተን ነው ወይስ ፈረስ መስበር?

"እንግሊዞቹስ?" የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1780 የተጀመረው ደርቢያቸው የ3 ዓመት ፈረሶች ውድድር ነው። እዚያ ግን ጋላቢው ቀላል፣ ሜዳው ሣር፣ ሐኪሙም አጠገብ ነው። የእኛ ገበሬ ፈረሱ ከተሰበረ ምን ይዞ ይቀራል?

ተስፋውን ማወቅ የፈለገ ጥርሱን ይቁጠር፣ ሰኮናውን አንሥቶ ይይ፣ ከሩጫ በኋላ ትንፋሹ ቶሎ መመለሱን ያድምጥ። አፉ ያልሞላው ለከርሞ ይቆይ! ምኒልክ "አባ ዳኘው"፣ ቴዎድሮስ "አባ ታጠቅ" ተብለው በፈረስ ስም በተጠሩበት አገር፣ ፈረስን ለአንድ ቀን ጭብጨባ ማጉደል ነውር ነው።