ከሺህ አንዱን ብቻ ያየ ሐኪም

ሰሞኑን የአንድ ወዳጄ ልጅ ቤቴ መጥቶ ነበር። የሕክምና ተማሪ ነው። ለተግባር ልምምድ የሚሄድበትን ቦታ የመምረጥ ዕድል ቢያገኝ ልቡ ጥቁር አንበሳ ላይ ዐርፏል። ስለ አፋር ባነሣሁበት ጊዜ ፈገግ ብሎ፣ «ጋሼ፣ እዚያ ምን አለ? ሙቀትና ወባ ነው» አለኝ። ይህን እንድጽፍ ያስነሣችኝ ያቺ ፈገግታ ናት።

ጥቁር አንበሳን ማቃለሌ አይደለም። ለዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና የሚሰጥበት ቤት ነበር፤ ብርቅ የሆነ ደዌ ማየት የሚሻ ተማሪ ወደዚያ ቢሮጥ አይፈረድበትም። ነገር ግን ኬር ኋይት የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1961 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት፣ ከሺህ ጎልማሶች መካከል በአንድ ወር ውስጥ 750ው ሕመም ሲሰማቸው ሐኪም ዘንድ የሚቀርቡት 250 ብቻ እንደሆኑ፣ ከእነርሱም ወደ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚላከው አንድ ብቻ እንደሆነ አሳየ። እንግዲህ የእኛ ተማሪ ለዚያ ለአንዱ ሲሠለጥን ይኖርና ሲመረቅ ለቀሩት ይሾማል!

ወባን ናቀ። ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው ግን ወባ በደምቢያ ሜዳ ባደረሰችው እልቂት ማግሥት ነው። የጤና መኰንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና ሳኒቴሪያኑ በቡድን ሆነው ከከተማ ርቀው በጤና ጣቢያ ይለማመዱ ነበር። ጅማም በኋላ ይህንኑ መንገድ ይዛ ታወቀችበት። አሳቡ ከባሕር ማዶ የመጣ ፋሽን የሚመስላቸው ካሉ፣ በቤታችን ሰባ ዓመት አልፎታል።

ከሰመራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ዱብቲ ሆስፒታል አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ያፈናቀላቸው ሰዎችና በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት አጨናንቀውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአፋር ከመቶ ወሊዶች በጤና ተቋም የተፈጸሙት 15 ያህሉ ብቻ ሲሆኑ፣ በአዲስ አበባ 97 ነበሩ። በዚያው ጥናት ከመቶ የአፋር ሴቶች 91ዱ የተገረዙ ናቸው። የተሰፋች ሴት በምጥ ስትመጣ ምን እንደሚደረግ ከመጽሐፍ አንብቦ የተመረቀ ሐኪም፣ ሌሊት ብቻውን ሲቆም እጁ ምን ያደርግ ይሆን?

በአዋሽ ሰባት ኪሎም እንዲሁ ነው። የጅቡቲው መንገድና የድሬዳዋው መንገድ የሚለያዩባት ከተማ ናት፤ ከባድ መኪና ሌት ተቀን ይጎርፍባታል። በአደጋ የተጎዳ ሰው ትልቁ ሆስፒታል የሚደርሰው ቢተርፍ ነው። መትረፍ አለመትረፉ የሚወሰንባትን የመጀመሪያዋን ሰዓት ግን የአዲስ አበባ ተማሪ አያያትም።

ከሁሉ በላይ የሚያስቀናኝ ዳጉ ነው። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን፣ የዝናቡን፣ የግጦሹን፣ የታመመውን ሰው ነገር በዝርዝር ይለዋወጣሉ። አድማጩም እየጠየቀ፣ ያየውን ከሰማው እየለየ ያጣራል። የሕክምና መምህራን የበሽተኛን ታሪክ መቀበል እያሉ በብዙ ድካም የሚያስተምሩት ይህንኑ አይደለምን? ሠላሳ ተማሪ አንድ አልጋ ከብቦ በሚቆምበት ክፍል ግን በሽተኛው ታሪኩን የሚነግርበት ፋታ ከየት ያገኛል?

አሁን ደግሞ ፊቴን ወደ ወገኖቼ ልመልስ። «ተማሪው ወደ ሕዝቡ ይውረድ» የምትሉ ሆይ፣ መምህሩንስ የት አስቀራችሁት? ስፔሻሊስት በሌለበት፣ ደም በማይገኝበት ቤት ተማሪን ብቻውን ማስቀመጥ ርካሽ ጉልበት መበዝበዝ ነው፤ የሚማረውም በድኻ ሬሳ ላይ ነው። እንዲህ ከሆነ ልጁ ጥቁር አንበሳ ቢሄድ እኔ ራሴ እመርቀዋለሁ። ሰመራ ድረስ አውሮፕላን ይበራል። የከተማው ፕሮፌሰር በዓመት ጥቂት ሳምንታት ዱብቲ ቢያስተምር የሚጎድልበት ምንድን ነው? ተማሪውም ለሁለት ሳምንት ጉብኝት ሳይሆን ለወራት ይቀመጥ፤ «የት ጋ ያምሃል?» የሚለውን በአፋርኛ መጠየቅ እስኪችል።

ልጁ ይህን ሁሉ ነገርሁት። ዝም ብሎ ሰማና፣ «ጋሼ፣ ያ ፕሮፌሰር ከሄደ እሄዳለሁ» ብሎኝ ወጣ።