ኤችዲ ለማየት የወር ክፍያ? ኧረ ተዉ!

ወዳጆቼ፤ በተለይ እስከ ዛሬ «ቲቸር» እያላችሁ የምትጠሩኝ የቀድሞ ተማሪዎቼ። ዛሬ ፖለቲካ የለም፣ ስለ ዲሽ ነው የምጽፈው። «ሰውዬው ጡረታ ወጥቶ ሥራ ፈታ» የምትሉ ካላችሁ ልክ ናችሁ። ግን አንብቡት፣ ኪሳችሁን የሚመለከት ነው።

ቡሬም ሆነ ፍኖተ ሰላም አንድ ወሬ ሥር ሰዷል። «ጥርት ያለ ምስል ከፈለግህ በየወሩ የሚከፈልበት ዲኮደር አስገባ» የሚል። ሱቅ ውስጥ ይነገራል፣ ሻይ ቤት ይነገራል፣ ዲሽ የሚሠሩት ልጆች ራሳቸው ይናገሩታል። እኔ ደግሞ የምለው፦ የሀገራችንን ጣቢያዎች በኤችዲ ለማየት ለማንም በየወሩ መክፈል የለባችሁም። ኢቲቪ፣ ፋና፣ ኢቢኤስ፣ አሚኮ፣ ሁሉም ከሳተላይት የሚወርዱት በነፃ ነው፣ አልተቆለፉም። ምስሉ ከደበዘዘባችሁ ችግሩን ከጣሪያችሁ እስከ ቴሌቪዥናችሁ ባለው መንገድ ላይ ፈልጉት።

በርበሬ የሚነግዱ ጎረቤት አሉን፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ልጃቸው ከአዲስ አበባ ትልቅ ፍላት ቴሌቪዥን ላከላቸው። ምስሉ ግን እንደ ጉም ሆነ። አንድ ሱቅ ሲጠይቁ «ይሄ ቴሌቪዥን ያለ ዲኮደር አይሠራም» ተባሉ፤ የበርበሬውን ብር አውጥተው ገዙ፣ ጥቂት ወር ከፈሉ፣ ከዚያ አቃታቸው። እቤታቸው ስሄድ ዲኮደሩ ሻማ ማስቀመጫ ሆኗል። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ባይ፣ ድሮም የነበራቸው ሪሲቨር ኤችዲ ነው! የተገናኘው ግን በቀይ፣ ነጭና ቢጫ ገመድ ነው። ያንን ነቅዬ በኤችዲኤምአይ ቀየርኩት፤ ሴቲንግ ገብቼ ውጤቱን 1080 አደረግሁት። በቃ። እትዬ ዜና አንባቢውን ትኩር ብለው አዩና «ውይ! ለካ ይሄ ልጅ ሽበት አውጥቷል!» አሉ።

ነገሩ አስማት አይደለም። በዚያ በቢጫው ገመድ ውስጥ የሚያልፈው ምስል ቢበዛ 720 በ576 ነጥብ ነው። ኤችዲ ደግሞ 1920 በ1080። አባዙት እንግዲህ፣ አስተምሬያችኋለሁ፦ አንዱ 414,720 ነጥብ፣ ሌላው 2,073,600። ልክ አምስት እጥፍ። ከጣቢያው አምስት ተልኮላችሁ ቤታችሁ የሚደርሰው አንድ ነው፤ አራቱ በዚያ በቀጭኗ ገመድ ምክንያት ይቀራል። እና ለዚህ ነው በየወሩ ክፈሉ የምትባሉት?

የሚያስፈልገው አንድ ጊዜ የሚገዛ ሪሲቨር ነው። ካርቶኑ ላይ «ዲቪቢ-ኤስ2» እና «ኤምፔግ-4» የሚሉትን ፈልጉ፤ የኤችዲ ቻናሎች የሚላኩት በዚያ መንገድ ነው። የድሮዎቹ ኤምፔግ-2 ሪሲቨሮች ድምፁን አምጥተው ምስሉን ጥቁር የሚያደርጉት ለዚህ ነው፤ ቋንቋውን አያውቁትም።

ከዚያ በፊት ግን ቴሌቪዥናችሁን አዙራችሁ ጀርባውን እዩልኝ። ቅርብ ጊዜ ከተገዙት ብዙዎቹ ሪሲቨሩን በውስጣቸው ይዘው ነው የሚመጡት። ምልክቱ ቀላል ነው፦ የአንቴናው ቀዳዳ ተገፍቶ የሚገባ ሲሆን የሳተላይቱ ግን እንደ ብሎን የሚጠመዘዝ ጥርስ አለው። አጠገቡ «ኤልኤንቢ» ወይም «13/18 ቮልት» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ከዲሹ የሚወርደውን ገመድ እዚያው አሥራችሁ ከሜኑ ሳተላይት መርጣችሁ ስካን አድርጉ። ሳጥን የለም፣ ሁለት ሪሞት የለም። (ገመዱን ስትፈቱና ስታስሩ ሶኬቱን ንቀሉ። ገመዱ ላይ ቮልት አለ፤ ሾርት አድርጋችሁ ቴሌቪዥኑን ብታቃጥሉት «ቲቸር ነው ያለን» እንዳትሉ።)

አሁን ወደ ጣሪያው እንውጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ፊዚክስ ናፍቆኛል። በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር የሉክሰምበርጉ ኤስኢኤስ ከሚባለው የሳተላይት ድርጅት ጋር ሆኖ ኢትዮሳትን አመጣ። የምትሠራው ኤንኤስኤስ-12 በተባለችው ሳተላይት ነው፤ ቦታዋ 57 ዲግሪ ምሥራቅ። ከዚያ በፊት ዲሻችን ሁሉ ወደ ናይልሳት፣ ማለትም ወደ 7 ዲግሪ ምዕራብ ያይ ነበር። ቡሬ ያለችው 37 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ስለዚህ ናይልሳት ከእኛ ሩቅ ምዕራብ ዝቅ ብላ ነው ያለችው፤ ከአድማስ ወደ 38 ዲግሪ ገደማ። ኢትዮሳት ግን በደቡብ ምሥራቅ በኩል ወደ 64 ዲግሪ ከፍ ትላለች። ዲሹ ሰማይ ሰማይ የሚያየው ለዚህ ነው፤ ተበላሽቶ አይደለም።

ይሄ ለጎጃም ክረምት ምን ማለት እንደሆነ ታያላችሁ? ምልክቱ ከፍ ካለ ቦታ ሲመጣ በደመናና በዝናብ ውስጥ የሚሄደው መንገድ ያጥራል፤ ከናይልሳት ጋር ሲነጻጸር በአንድ ሦስተኛ ገደማ። ሐምሌ ላይ ጉም ሲጥል ምስሉ የሚቆራረጥባችሁ ከሆነ ሰበቡ ብዙ ጊዜ ዲሹ በደንብ አለመስተካከሉ ነው። በፀሐይ ቀን በጭንቅ የሚሠራ ዲሽ በዝናብ ቀን አይሠራም።

አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር። ዲሹን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሲያዞሩ ኤልኤንቢውን (ከፊት የተሰካችውን) እንደነበረች የሚተዉ ሞልተዋል። እሷም ማቀፊያዋ ውስጥ በደንብ መዞር አለባት፤ አለበለዚያ አግድምና ቋሚ ሞገዶቹ ይደባለቁና ግማሹ ቻናል ይጠፋል። ያኔ ባለሙያው «ቻናሎቹ ተዘግተዋል፣ ዲኮደር ያስፈልጋል» ይላል። ተዘግተው አይደለም የኔ ወንድም፣ አንተ አላዞርካትም!

«እሺ ኳሱስ?» የምትሉኝን ሰምቻለሁ። ኳስ ሌላ ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን የሚያሳይ ድርጅት መብቱን በገንዘብ ገዝቶ ነው፤ እሱን ፈልጎ በየወሩ የሚከፍል ሰው የሚገዛው እውነተኛ ዕቃ ነው፣ አልነቅፈውም። የምነቅፈው ኳስ የማያዩትን እናት የኳስ ሒሳብ ማስከፈል ነው። ደግሞም ሌላኛው ጫፍ አለ፤ የታጂኪስታኑን ቫርዚሽ ፍለጋ ዲሽ ሲያዞር የሚያድረው፣ ቢስ ኪ ሲለምን የሚውለው፣ የሰርቨር ብር የሚከፍለው ጎረምሳ። ይሄ ያለ ኪራይ ማየት አይባልም። የሌላ ሰው በር በሹካ እንደ መክፈት ነው፤ ቁልፉ ደግሞ የሚቀየረው ሁልጊዜ ፍፁም ቅጣት ምት ሊመታ ሲል ነው።

ውጭ አገር ያላችሁትም አልረሳኋችሁም። አንድ አሜሪካ ያለ ተማሪዬ ለኬብል ሳጥን ኪራይ በየወሩ እንደሚከፍል ሲነግረኝ ገርሞኝ ትንሽ አነበብኩ። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1996 (እዚህ አንቀጽ ላይ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ሰዎች ሳጥኑን ከገበያ ገዝተው እንዲጠቀሙ ብሎ ነበር። ኬብልካርድ የምትባለዋ በራስ መሣሪያ ላይ የምትሰካ ካርድ የመጣችው በዚያ ነው። በ2012 ግን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኤፍሲሲ፣ ሙሉ በሙሉ ዲጂታል የሆኑ ኩባንያዎች መሠረታዊ ቻናሎችን ጭምር እንዲቆልፉ ፈቀደ፤ ገመዱን በቀጥታ ቴሌቪዥናቸው ላይ ሰክተው ያዩ የነበሩ ሰዎች ሳጥን ፈላጊ ሆኑ። በ2020 ካርዷን የማቅረብ ግዴታውም ቀረ። ለተማሪዬ የመለስኩለት መልስ፦ ከሰኔ 2009 ጀምሮ የእናንተ ትልልቅ ጣቢያዎች በአየር ላይ በዲጂታል ይሰራጫሉ፤ መስኮትህ ላይ አንቴና ስቀል፣ ኤችዲውን በነፃ ታገኛለህ። እዚያ አገር ያለው ሰው ሳጥኑን የሚከራየው ስለተቆለፈበት ነው። እኛ ያልተቆለፈ በር ላይ ቆመን ነው ለቁልፍ የምንከፍለው።

ለምን ይህን ያህል ትጨነቃለህ ለሚለኝ፦ ከተማሪዎቼ ስንቶቻችሁ ፕላዝማን ታስታውሳላችሁ? ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት የሚመጣ ትምህርት ክፍላችን ድረስ ይገባ ነበር፤ መምህሩ ቆሞ ያያል፣ ቴሌቪዥኑ ያስተምራል። ብዙ ቅሬታ ነበረን፣ እሱን ሌላ ቀን። መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና ትምህርት ቤት ሲዘጋ እንደገና ወደ ቴሌቪዥን ተመለስን። ያኔ የጎረቤት ልጅ ደብተሯን ይዛ ቁጭ ብላ «ቲቸር፣ ይሄ ቪ ነው ቪ ስኩዌር?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም መነጽሬን አድርጌ ማየት አቃተኝ፤ ትንሿ 2 በደበዘዘው ምስል ውስጥ ጠፍታለች። የእንቅስቃሴ ጉልበት ቀመር ላይ ያቺ 2 ከሌለች ትምህርቱ የለም! ከነሐሴ 2015 በኋላ ደግሞ በክልላችን ኢንተርኔት ጠፍቶ፣ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ በቆየባቸው ወራት ከስልክ ጥሪ ሌላ ወደ ውጭ የምናይበት መስኮት ዲሹ ብቻ ነበር። ገጠር ያለው ቤተሰብ አንድ መስኮት ካለችው እሷኑ መወልወል ቅንጦት ነው?

የሱቅ ባለቤቶች፣ ሰው ቴሌቪዥን ሲገዛችሁ ውስጡ የሳተላይት መቀበያ ያለውና የሌለው የትኛው እንደሆነ ንገሩት፤ ኤችዲኤምአይ ገመዱንም አብራችሁ ሽጡለት፣ ከዲኮደሩ ያነሰ ብታተርፉም። ጣቢያዎቹም ፍሪኩዌንሲ ስትቀይሩ ለሁለት ቀን ከሥር በሚሮጥ ጽሑፍ ብቻ አትንገሩን፤ ማንበብ የማይችል ሰው አለ፣ በድምፅ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ደጋግማችሁ ተናገሩ። ቴክኒክና ሙያ የምታስተምሩ ጓደኞቼ፣ ለዲሽ ሠሪዎቹ ልጆች የሁለት ቀን ሥልጠና ስጧቸው፤ ጎበዞች ናቸው፣ ያጡት የማዕዘኑን ሒሳብ ብቻ ነው። እኔም በነፃ እመጣለሁ።

እስከዚያው የቴሌቪዥናችሁንና የሪሲቨራችሁን ጀርባ ፎቶ አንሥታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ የትኛው ገመድ የት እንደሚገባ ምልክት አድርጌ እመልስላችኋለሁ። ቡሬ ያላችሁ እሑድ ከሰዓት ደውሉ፤ መሰላል አለኝ፣ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ጎረምሳ ግን እናንተ አዘጋጁ።