የባዕድ ሰርግ አጃቢዎች

መቱ ላይ ቡና ተፈልቶ የማይነሳ ወሬ የለም። የቡናው ዋጋ ይነሳል፤ የመብራቱ መጥፋት ይነሳል፤ ኮምፒዩተር የሚነካካ ወጣት ከመካከል ካለ ደግሞ «እገሌ የተባለው የአሜሪካ ሶፍትዌር ኩባንያ እገሌን ሊጠቀልለው ነው አሉ» ይባላል። ማን ማንን ይውጣል? በስንት ቢሊዮን? ሙሽሮቹ ሳይተጫጩ እኛ ጥሎሹን ቆጥረን እንጨርሳለን።

እ.ኤ.አ. በ2008 መጀመሪያ ማይክሮሶፍት ያሁን በ44.6 ቢሊዮን ዶላር ልግዛ ባለ ጊዜ ዓለም ሁሉ ገማች ሆኖ ነበር። ሦስት ወር ሲሞላው ማይክሮሶፍት ሐሳቡን አነሳ። የያሁ የኢንተርኔት ሥራ በ2017 ለቬራይዘን ሲሸጥ ዋጋው ወደ 4.5 ቢሊዮን ገደማ ወርዷል። የገማቾቹ ቢሊዮኖች እንደ ጉም ተነኑ። ወሬ ማውራት ነውር አይደለም፤ ነውሩ ከሰርጉ ማግስት የሚሆነውን አለመጠየቅ ነው።

የኢሉባቦር ሰው ኩባንያ ሲሸጥ ምን እንደሚመስል ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2011 የሆላንዱ ሃይነከን የበደሌንና የሐረርን ቢራ ፋብሪካዎች በ163 ሚሊዮን ዶላር ገዝቷል። ባለቤቱ ተለወጠ፤ በደሌ ግን ዛሬም በደሌ ተብሎ ይጠጣል። ቀድሞ የጠጣነውንም ቢራ ማንም መጥቶ ከሆዳችን አያወጣውም። ሶፍትዌር እንዲህ አይደለም። ትናንት የጻፍነው ጽሑፍ ያለው በእርሱ ሆድ ውስጥ ነው። እርሱ ሲሞት ጽሑፋችንን ይዞ ይቀበራል።

ማስረጃውን ከራሳችን ጓዳ ላምጣ። የአማርኛ መጽሔትና ጋዜጣ በኮምፒዩተር መዘጋጀት በጀመረበት ዘመን ብዙው ገጽ የሚቀናበረው ፔጅሜከር በተባለው ፕሮግራም ነበር። ፔጅሜከር የአልደስ ኩባንያ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 አልደስ ከአዶቢ ጋር ተዋሐደ። አዶቢ በ2001 ሰባተኛውን ፔጅሜከር አወጣና አበቃ፤ ቦታውን ለኢንዲዛይን ሰጠ። የዛሬው ኢንዲዛይን የፔጅሜከርን ፋይል አይከፍትም። የፍሪሃንድ ታሪክማ ይብሳል። በ1994ቱ ውህደት የአሜሪካ የንግድ ውድድር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ይህ የሥዕል ፕሮግራም ከተፎካካሪው ከኢለስትሬተር ጋር በአንድ እጅ እንዳይወድቅ ብሎ ከአዶቢ አስወጣው። አዶቢ በ2005 ማክሮሚዲያን ሲገዛ ፍሪሃንድ ተመልሶ እጁ ገባ፤ በ2007 ሥራው እንዲቆም ተደረገ። በበር የተከለከለው በመስኮት ገባ።

ታዲያ ጥፋቱ ሁሉ የፈረንጅ ነውን? በጭራሽ። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ጣታችን ወደ ራሳችን ይመለስ። በዚያ ዘመን የኮምፒዩተሩ የፊደል ገበታ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ከ256 ምልክት አይበልጥም ነበር። የእኛ ፊደል ከነዲቃላው፣ ከነቁጥሩና ከነነጥቡ ከዚያ ይተርፋል። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዡዋል ግዕዝና ሌሎቹም በየበኩላቸው መላ ዘየዱ። ምስጋና ይገባቸዋል፤ አማርኛን ከታይፕራይተር ያሻገሩ እነርሱ ናቸው። ነገር ግን አንዱ «ሀ»ን ባስቀመጠበት ቁጥር ላይ ሌላው ሌላ ነገር አስቀመጠ። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት አጋንንት የጻፉት ይመስላል። የመቱ ቡና ነጋዴዎች ተፎካካሪዎች ናቸው፤ ሁሉም የሚመዝኑት ግን በአንድ ኪሎ ነው። የእኛ ሶፍትዌር ቤቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ኪሎ ሠሩ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፤ ያኔ ተዋሕደው አንድ ትልቅ ኩባንያ ቢሆኑ ኖሮ» የሚል አይጠፋም። አልስማማም። ተዋሕደው ቢሆን የሚኖረን አንድ ትልቅ ባለቤት ነበር፤ እርሱ በታመመ ቀን ፊደላችንም አብሮ ይታመም ነበር። አንድ መሆን ያለበት ኪሎው እንጂ መደብሩ አይደለም። ይህንንም ዩኒኮድ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትሙ 345 የግዕዝ ምልክቶች እያንዳንዳቸው የማይሸጥና የማይወረስ ቁጥር አገኙ። ማይክሮሶፍትም በ2007 ለገበያ ባቀረበው ቪስታ ውስጥ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፊደል አካተተ። ተፎካካሪዎቹ ተፎካካሪ እንደሆኑ በአንድ ቁጥር መጻፍ ቻሉ።

ይህ የአዲስ አበባ ጣጣ ብቻ የሚመስለው ካለ መቱ ይምጣ። የሠፈራችን እድር መተዳደሪያ ደንብ በ1991 ዓ.ም. በኮምፒዩተር ተጽፎ ነበር። አንድ አንቀጽ ለማሻሻል ሲፈለግ ፋይሉ ከአንድ አሮጌ ማሽን ላይ ተገኘ። የከፈተው ልጅ ያየው ግን የተሰባበረ የላቲን ፊደልና የጥያቄ ምልክት ነው። ከጎኑ በዚያው ዓመት በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ ማስታወቂያ ነበር፤ ያኛው ያለ አንዳች ችግር ተነበበ። ቁቤ የሚጻፍባቸው ፊደላት ዓለም ቀድሞ የተስማማበት ቁጥር ነበራቸውና። ይህ የቋንቋ መበላለጥ አይደለም፤ የስምምነት መኖርና አለመኖር ነው። ደንባችንን ያዳነው ከሊቀ መንበሩ ሣጥን የወጣ የታተመ ቅጂ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ዲስክ ግን ይለቃል።

እንግዲህ የሚቀጥለው የቢሊዮኖች ሰርግ ሲወራ ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። ጽሑፋችን በማን ሆድ ውስጥ ነው? ያ ባለቤት ቢሸጥ ወይም ቢሞት በሌላ ይከፈታል? ካልተከፈተስ ወረቀቱ የት አለ? ከኖፓ እስከ ጎሬ በየቀበሌው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየእድሩ መሳቢያ የተኙ የድሮ ፋይሎች አሉ። ወደ ዩኒኮድ የሚመልሱ ፕሮግራሞች ዛሬ ይገኛሉ፤ አሮጌዎቹ ማሽኖችም ጥቂት ትንፋሽ ቀርቷቸዋል። የመቱ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ተማሪዎች አንድ ክረምት ቢሰጡበት የአንድ ትውልድ ጽሑፍ ከሞት ይተርፋል። በሰው ሰርግ ማጨብጨቡን ማንም አይከለክለንም፤ ከቤት ስንወጣ ግን የገዛ ጓዳችን ቁልፍ በእጃችን መሆኑን እንይ።